እሁድ ከሰዓት በድንች ጎተራ

ኒው ብራንስዊክ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ሦስት ሰዎች በጋራ የተከራዩት አንድ አሮጌ የእንጨት ቤት ነበር። ከላይ ይኖሩበታል፤ ከታች፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ በድብቅ ኮንሰርት ያዘጋጁበታል። ስሙን «ድንች ጎተራ» ብለውታል። አድራሻው የትም አይለጠፍም፤ የማያውቅ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ይጠይቃል። ጎረቤት ፖሊስ እንዳይጠራባቸው ሲሉ እሁድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው የሚጫወቱት።

ባንዶቹን የምትጋብዘው ኮሪን ናት። ፕሩዊት በር ላይ ይቆማል። ዌንደል ድምፅ ያስተካክላል፤ የተጫወቱትንም ይቀዳል። ሰው ሲጮህበት እንኳ «እሺ» ብሎ የሚያልፍ፣ ዝምተኛ ሰው ነው።

በጥቅምት ሮሪ ደወለ።

ሮሪ ድሮ ከኮሪንና ከዌንደል ጋር አንድ ባንድ ውስጥ ነበር። የጀመሩትም እዚሁ ምድር ቤት ነው። በኋላ አንድ ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ብቻውን ሲያስፈርመው ዞር ብሎም አላያቸው። ኮሪን የጻፈቻቸውን ዘፈኖች በራሱ ስም አወጣ። እሷ ካፌ ውስጥ ሳህን እያጠበች የገዛ ዘፈኗን በሬዲዮ ስትሰማ ኖረች።

አሁን ጉሮሮው ላይ እብጠት ተገኝቶበታል። በሚቀጥለው ሳምንት ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል። ሐኪሞቹ ስለ ድምፁ ቃል አልገቡለትም።

«ከዚያ በፊት አንዴ እዚያ ልዝፈን» አላት በስልክ። «የመጨረሻ አልበሜ እሱ ይሁን። ጎተራው ውስጥ፣ ዌንደል ቀድቶት።»

«ና» አለችው ኮሪን፤ ስልኩንም ዘጋችው።

ፕሩዊት ፊቷን አልወደደውም።

«ምን አስበሽ ነው?»

«እንግዳ መቀበል ኃጢአት ሆነ እንዴ?»

«ስሙ ሲነሳ ሳህን የምትወረውሪው ሴትዮ?»

«ያቺ ሳህን ድሮም ስንጥቅ ነበረች።»

ቅዳሜ ዕለት ፕሩዊት ልብስ ሊያጥብ ወደ ምድር ቤቱ ሲወርድ ኮሪን የመብራት ማቋረጫውን፣ የብሬከሩን ሳጥን ከፍታ ቆማለች። እጇ ላይ ፒንሳ አለ። ስታየው ሳጥኑን ዘጋችና ወጣች። ፕሩዊት በቀጥታ ወደ ዌንደል ሄደ።

«መብራቱን ልትቆርጥበት ነው። የሰውየውን የመጨረሻ ቀን ልታበላሽበት ነው እኮ!»

ዌንደል ትንሽ አሰበ። «እንግዲያው አንተ እሷን ጠብቅ» አለው። «የእኔን ሥራ ለእኔ ተወው።»

እሁድ ሮሪ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ መጣ። ከስቷል። ዌንደልን አቅፎ ለረጅም ጊዜ አለቀቀውም።

«ኩባንያው ሌላ ባለሙያ ልላክ ብሎኝ ነበር። ዌንደል እያለ? አልኳቸው።»

«ደግ አደረግህ። እዚህ ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታም የለ።»

ሮሪ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስለ አባትህ ነገር... አሁንም ትቀየመኛለህ?»

ያኔ የኩባንያው ሰዎች ሊያዩአቸው በመጡበት ቀን፣ የዌንደል አባት ከሆስፒታል ደውለው ልጄን አገናኙኝ ብለው ነበር። ስልኩን ያነሳው ሮሪ ነው። ኮንሰርቱ እንዳይሰረዝ ብሎ ዝም አለ። ለዌንደል የነገረው በማግስቱ ነው። ዌንደል ሲደርስ አባቱ አርፈዋል።

«ኧረ ተው፣ የድሮ ነገር» አለ ዌንደል። «ውረድ፣ ማይኩን እንሞክር።»

እንግዶቹ መጡ። እንደ ቤቱ ደንብ፣ ማንም እንዳይቀርጽ፣ ፕሩዊት ስልካቸውን እየሰበሰበ ባልዲ ውስጥ ከተተ። ምድር ቤቱ ጢም አለ፤ ረጃጅሞቹ ጭንቅላታቸውን ከቧንቧ ጋር እያጋጩ ይሳደባሉ፤ ግድግዳው አልቦታል። ዌንደል ጥግ ላይ ከመሣሪያዎቹ ኋላ እጁን ኪሱ ከትቶ ተቀመጠ። ኮሪን ከብሬከሩ ሥር ቆመች። ፕሩዊት ሰው እየገፋ ከጎኗ ደረሰ።

ሮሪ ጥቂት ዘፈኖች ተጫወተና ቆም አለ።

«የሚቀጥለውን እኔ አልጻፍኩትም» አለ በማይኩ። «የጻፈችው ያቺ ሳጥኑ ጋ የቆመችው ናት። ሰርቄያት ነው። እናንተም ስታጨበጭቡልኝ የኖራችሁት ለሌባ ነው።»

ዘፈኑን ጀመረ፤ መሐል ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ተሰነጠቀና ቆመ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚወጣ ነገር የለም።

የኮሪን እጅ ወደ ኋላ ኪሷ ሄደ። ፕሩዊት ክንዷን ያዛት። እሷ ግን ፒንሳውን አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለትና ሰውን ሰንጥቃ ወደ ፊት ወጣች። ማይኩን ከሮሪ ጋር ያዘች። የቀረውን አብረው ዘፈኑት፤ እሷ ስታነሳ እሱ እየተከተላት፣ ሁለቱም እያለቀሱ። ጣሪያው እስኪንቀጠቀጥ ተጨበጨበ።

«መብራቱን ልቆርጥብህ ነበር» አለችው ሰዉ ሲወጣ።

«ብትቆርጪውም አልፈርድብሽም ነበር።» ድምፁ ሻክሯል። ወደ ጥጉ ዞረ። «ዌንደል! ዕድሜዬን እንዲህ ዘፍኜ አላውቅም! ሰማኸኝ?»

ዌንደል ገመድ እየጠቀለለ ነበር። «አንድም አላመለጠኝ» አለ።

ቀዶ ሕክምናው ሮሪን ከሞት አተረፈው፤ ድምፁን ግን አላተረፈለትም። ኮሪን ልትጠይቀው ስትሄድ እጇን ይዞ ጆሮውን በጣቱ አሳያት። ወዲያው ገባት። መኪናዋን እያበረረች ቤት ደረሰችና ደረጃውን ወረደች። ዌንደል ምድር ቤቱን እየጠረገ ነው።

«ቅጂውን ስጠኝ ዌንደል፣ ቶሎ በል፤ ዘፈኑን መስማት ፈልጓል።»

ዌንደል ከመጥረጊያው ቀና አላለም።

«ማን ቀዳውና?»