የእሌኒ ዓሦች

አቶ ካሣሁን ንፋስ መውጫ ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ቤት አለ። በትልቁ ብቻቸውን ይኖራሉ። ትንሹን ከስማዳ የመጣች ሀይማኖት የምትባል መምህርት ተከራይታዋለች።

ሳሎናቸው ውስጥ ሦስት ቀይ ዓሦች ነበሩ። ልጃቸው እሌኒ ባሕር ዳር ስትማር ገዝታ በትንሽ የመስታወት ገንዳ ያመጣቻቸው ናቸው። እሌኒ ታማ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ዓሦቹ ግን አደጉ፤ ገንዳው ጠበባቸው። ሲዞሩ ጅራታቸው መስታወቱን ይነካል።

ሀይማኖት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩን አንኳኩታ ትገባና ገንዳው አጠገብ ትቀመጣለች። ብዙም አያወሩም። ምግባቸውን ቆንጥራ ትበትንላቸዋለች፤ ከዚያ «ደህና ይደሩ ጋሼ» ብላ ትወጣለች። ያንን በር የሚያንኳኳ ሌላ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ኅዳር ላይ አቶ ካሣሁን መስታወት ቆራጩን መሕቡብን ትልቅ ገንዳ አሠሩት። መሕቡብ በባጃጅ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላቸው።

«ፀሐይ አያግኘው» አለ። «በጠርዙ ይዘው አይጎትቱት፣ ይላቀቃል። ማጣበቂያው ሲሊኮንም ሳምንት ይድረቅ። ከሥሩ ብርድ ልብስ ነገር ቢያነጥፉለት ደግሞ ጥሩ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉት።

በሦስተኛው ቀን ወደ ቤተ ልሔም የሚሄዱበት ደረሰ። የእሌኒ የሁለተኛ ዓመት መታሰቢያ እዚያው በተቀበረችበት ደብር ነበር። ከመሄዳቸው በፊት ዓሦቹ ሰፊ ቦታ ሲገቡ ማየት ፈለጉ። ሀይማኖት ትምህርት ቤት ሄዳለች። ብቻቸውን ውሃ በባልዲ እያመላለሱ ሞሉት፤ ወገባቸውን ቢያማቸውም አላረፉም። ዓሦቹን በወንፊት አንድ በአንድ አውጥተው ለቀቋቸው።

መጀመሪያ ሦስቱም አንድ ጥግ ላይ ተጠጋጉ። ቆይቶ ትልቁ፣ ጅራቱ ላይ በግራ በኩል ነጭ ነጥብ ያለው፣ ከዳር እስከ ዳር ዋኘ። ሁለቱም ተከተሉት። አቶ ካሣሁን ወንበር ስበው ተቀመጡና መኪናው ሊያመልጣቸው እስኪደርስ ተመለከቷቸው።

«አየሽ፣ እሌኒ» አሉ።

ቁልፉን ለሀይማኖት እንዲሰጡላቸው ለጎረቤታቸው ለወይዘሮ ተሾመች ትተው ሄዱ። ሁለት ቀን ብለው ነበር፤ እዚያ የምትኖረው እኅታቸው ታማባቸው ዐሥራ ሁለት ቀን ቆዩ።

ሲመለሱ ሦስት ዓሦች ገንዳው ውስጥ ይዋኛሉ። መስታወቱን በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት። ድሮ ይህን ሲሰሙ እየተሽቀዳደሙ ይመጡ ነበር። አሁን ሸሹ። አቶ ካሣሁን መነጽራቸውን አወጡ። የትልቁ ጅራት ላይ ያለው ነጭ ነጥብ አሁን በቀኝ በኩል ነበር።

ወይዘሮ ተሾመች እንኳን ደህና መጡ ሊሉ ጎራ አሉ። የእኅታቸውን ጤና ጠየቁ። ሊወጡ ሲሉ፣ «ያች ተከራይዎ ቅዳሜ ማለዳ ጄሪካን ታቅፋ የደብረ ታቦር ሚኒባስ ስትሳፈር አየኋት» አሉ። «ሲመሽ ነው የተመለሰችው። ደግሞ ከዚህ ወዲያ ምን ይዘው ይሄዳሉ ብዬ ገረመኝ።»

አቶ ካሣሁን ሠላሳ ዓመት የሰው ክስ ሲመዘግቡ ኖረዋል። ነገሩ ግልጽ ሆነላቸው።

ሀይማኖት እንደ ልማዷ አንኳኩታ ገባች። ተቀመጪ አላሏትም።

«እነዚህ የእኔ ዓሦች አይደሉም።»

ወደ ገንዳው አየች። «አይደሉም» አለች።

«ጄሪካን ይዘሽ የት ነበር የሄድሽው?»

«በደብረ ታቦር አልፌ ባሕር ዳር።»

«የልጄን ዓሦች ሸጥሻቸው?»

ከገንዳው በላይ የእሌኒ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ሀይማኖት ወደ እሱ ቀና አለች። ከዚያ አቶ ካሣሁንን አየቻቸው፤ የሐዘን ልብሳቸውን ገና አላወለቁም።

«አዎ ጋሼ» አለች። «ሸጥኳቸው።»

«ለምን?»

«ይቅር ይበሉኝ።»

አቶ ካሣሁን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ግቢዬን ልቀቂልኝ።»

በማግስቱ ፍራሿንና ሁለት ካርቶን መጽሐፏን በጋሪ አስጭና ወጣች። በራቸው ላይ ትንሽ ቆመች፤ አላንኳኳችም። ለምን እንዳስወጧት አቶ ካሣሁን ለማንም አልተናገሩም። ከጥምቀት በኋላ ዝውውር ጠይቃ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ መግባቷን ከወይዘሮ ተሾመች ሰሙ።

ትንሹን ቤት ለሌላ ሰው አላከራዩትም። አመሻሽ ላይ ጆሯቸው በሩ ላይ ይቀራል። አንድ ቀን ነፋስ በሩን ሲገፋው «ግቢ» አሉ፤ ማንም አልነበረም። ለዓሦቹ ምግብ ይበትኑላቸዋል፤ ተቀምጠው ግን አያዩዋቸውም። ቀን ቀን ከቤት ወጥተው አስፓልቱ ዳር ይቆሙና ከእስቴም ሆነ ከደብረ ታቦር የሚመጣውን መኪና ያያሉ። የሚጠብቁት ሰው አልነበራቸውም።

መጋቢት ላይ ገንዳውን እንዲወስድላቸው መሕቡብን አስጠሩት።

«ምን ጎደለው ጋሽ ካሣሁን?»

«ምንም አልጎደለው። ዓሦቹንም ጨምረህ ውሰድ። ማየት አልፈልግም።»

መሕቡብ ጎንበስ ብሎ የገንዳውን ጠርዞች በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ቀና አለ።

«መምህርቷን ግን አይቀየሟት» አለ። «እርስዎ ወደ ቤተ ልሔም በሄዱ ማግስት ሦስቱም ሞተው በሳህን ይዛቸው መጥታ፣ ‹ሲሊኮኑ ሳይደርቅ ቸኩዬ ውሃ የሞላሁበት እኔ ነኝ፤ መርዙ ገደላቸው› ስትለኝ እንባዋ አላናግር ብሏት ነበር።»