የዛገው ዘለበት

ኤሌክትሪሺያኑ ያገለገለ ቤዝ ጊታር በገዛ በማግስቱ ነው «ምነው እጄን በቆረጠው!» ማለት የጀመረው። የጊታሩ አንገት ጠመም ብሏል፤ ወፍራሙ ክር ሲነካ ይንጫጫል። ይህንስ በቻለው። ያንገበገበው ማንገቻው ነው። ዘለበቱ ዝጎ ስለተጣበቀ አይረዝምም፣ አያጥርም፣ ከጊታሩም አይፈታም። ሻጩ ከደረቱ የማይደርስ አጭር ሰው ስለነበር፣ ኤሌክትሪሺያኑ ሲያነግተው ጊታሩ እንደ ሕፃን መሐረብ አገጩ ሥር ቀረ።

ልመልስልህ ብሎ ቢደውልለት ሻጩ ሳቀ። «ትለምደዋለህ፣ ወንድሜ።»

እውነትም ለመደው። በወሩ ጊታሩ ወገቡ ላይ ልክክ አለ። ማንገቻው ተለጥጦ ነው ብሎ ደስ አለው።

በዚያው ሰሞን ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ አዲስ ሱሪ ሰፋችለት። ልኩን በቃሏ ስለምታውቀው እሱን መለካት ከተወች ዓመታት አልፈዋል። ሱሪው ወለሉን ጠረገ።

«አንቺ፣ እጅሽ ከዳሽ እንዴ?»

«ቁም እስቲ!» ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ለካችው። ደግማ ለካችው። አሮጌ ሱሪውን አውጥታ ከአዲሱ ጋር አስተያየችው፤ እኩል ናቸው።

ጊታሩን እንዳነገተ ወደ ሻጩ ቤት ሮጠ። መንገድ ላይ ሊያወልቀው ቢታገል ማንገቻው በጭንቅላቱ አላልፍ አለ። በሩን ደበደበ።

የከፈተለት ያው ሻጩ ነው፤ ጉበኑ ግንባሩን እንዳይመታው ጎንበስ ብሎ ወጣ።

«አላልኩህም?» አለው ቁልቁል እያየው። «ትለምደዋለህ።»