አይጥ የገባበት መዝገብ ቤት

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ መዝገብ ቤቱን አስለቅቆ ለራሱ ሰፊ ቢሮ ሊያሠራበት ቆርጧል። የከተማው ሰው የልደትና የጋብቻ ፋይል ሁሉ በማግስቱ በጭነት መኪና ተግዞ ሊጣል ነው። ክፍሉን ሊያይ ሲገባ ግን ኃላፊዋ ወይዘሮ ትርንጎ ማስክ አድርገው፣ የላስቲክ ጓንት አጥልቀው ጠበቁት።

"ምንም እንዳይነኩ፤ አይጥ ገብቷል" አሉት።

እውነትም ፋይሎቹ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነገር ተነስንሷል። ሥራ አስኪያጁ እጁን ሰበሰበ።

"ታዲያ እትዬ ትርንጎ፣ ተጠርጎ አይጫንም?"

"በደረቁ ከተጠረገ እኮ አቧራው ሳንባ ይገባል። መጀመሪያ ክፍሉ ይናፈሳል፣ ኩሱ በበረኪና ርሶ ይለቀማል፣ ከዚያ ወረቀቱ አንድ በአንድ ይጸዳል። እንዲሁ አስጭነው ሰው ቢታመም፣ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።"

ትንፋሹን ውጦ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ እንደቆመ ለአለቆቹ ደወለና፣ ለነፍሱ ሳይሳሳ ገብቶ አደጋውን በዓይኑ እንዳየ፣ ክፍሉም ላልተወሰነ ጊዜ እንዲታሸግ እንዳዘዘ አስረዳ። ስለ ቆራጥነቱ አመሰገኑት። ደረቱ ነፋ አለ።

በድንጋጤው የመኪናውን ቁልፍ እዚያው ረስቶ ኖሮ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ተመለሰ። ወይዘሮ ትርንጎ ማስኩንም ጓንቱንም አውልቀው፣ ጥቁሩን ነገር ከፋይሉ ላይ እየለቀሙ ወደ አፋቸው ይወረውራሉ።

ሲያዩት አልደነገጡም። መዳፋቸውን ዘረጉለት።

"ይቅመሱ" አሉት። "ኑግ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ነው የቆላሁት።"

ሥራ አስኪያጁ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ ቃኘና፣ በሩን ከኋላው ዘግቶ እጁን ዘረጋ።