ሐሙስ ነው የጀመረው

«ሽንትዎ መጥቆር የጀመረው መቼ ነው?» ትላለች ሐኪሟ፣ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ።

«ዛሬ ጠዋት» ይላል ባሌ፣ ከእኔ ቀድሞ።

ወደ እኔ አያይም። ዕድሜውን ሙሉ አናጢ ሆኖ የኖረ ሰው ነው፤ ሲዋሽ እንኳ ለክቶ ነው።

ሐሙስ ነው የጀመረው። መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሽንቱን አየሁት፤ የከረረ ሻይ መስሏል። ልቡን የሚያግዘው ፓምፕ ደረቱ ውስጥ ከተተከለ ሦስት ዓመቱ ነው። ነርሷ ያኔ የነገረችኝን አልረሳሁም፦ እንዲህ ካዩ ፓምፑ ውስጥ ደም ረግቶ ይሆናል፣ ሰዓት ሳይፈጁ ይዘዋቸው ይምጡ። ነጠላ ጫማዬን አውልቄ የመንገዱን ሳጠልቅ እጄን ያዘኝ።

«ትንሿ ልጃችን ቅዳሜ ትመረቃለች። ስሟ ሲጠራ ላጨብጭብላትና እሁድ እንሄዳለን። በሞቴ፣ አፍሽን ያዢ።»

ያዝኩ። ቅዳሜ ከፊት ተቀምጦ፣ የፓምፑን ባትሪዎች በኮቱ ስር ታጥቆ፣ ሰው ሁሉ ካቆመ በኋላም አጨበጨበ።

ዛሬ እሁድ ነው። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል። ሐኪሟ ልትጽፍ ነው።

«ሐሙስ ነው» እላለሁ።

«አንቺ ሴትዮ! በሞቴ…»

«በሞቴ አትበለኝ! ሐሙስ ነው ዶክተር። እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት።»

እስክሪብቶው ይቆማል። ሐኪሟ ወረቀቱን አስቀምጣ ወንበር ስባ ትቀመጣለች።

«እናቴ፣ ይስሙኝ። ባለፈው ወር ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሷል። የረጋ ደም የሚያሟሟውን መድኃኒት ሐሙስ ቢመጡም አልሰጣቸውም ነበር፤ እንደገና ይደማሉ። ፓምፑን በቀዶ ጥገና እንዳልቀይረው ደግሞ ኩላሊታቸው ደክሟል። ከቀዶ ጥገናው አልጋ አይነሱም።»

«ስለዚህ?» ይላል ባሌ።

«እንዳያምዎት አደርጋለሁ፣ አባባ። ከዚያ በላይ በእጄ የለም።»

ስለ ሐሙስ ያለችው እውነቷን ይሁን፣ አዝናልኝ ይሁን አላውቅም። ልጠይቃት እስከ በሩ እከተላታለሁ። ዞራ ስታየኝ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ እመለሳለሁ።

ባሌ ጣሪያውን እያየ ነው።

«ዋሽቼ ከወቀሳ ላወጣሽ ነበር እኮ። መቼ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ!»

«አንዴ ሰማሁህ» እለዋለሁ።

የፓምፑ ድምፅ ከደረቱ ይሰማል፤ እንደ ወትሮው አይደለም፣ ይሻክራል።

«ለትንሿ እንዳትነግሪያት። ለእኔ ብሎ ነው የቀረው ብላ ዕድሜዋን ሙሉ…»

«አልነግራትም።»

«ነይ እስቲ።»

አልጋው ለአንድ ሰው ነው የተሠራው። እያቃሰተ ወደ ግድግዳው ይጠጋል፤ ከሆዱ የወጣውን የፓምፑን ገመድ እንዳልተኛበት፣ በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ ይይዝልኛል።