ሙሉ መስመር

ወይዘሮ ኦፓል ራትሊፍ የአንድ ወንበር ሰባት ሥዕሎች ይዘው ማርቪን ቢሮ መጡ። ማርቪን ስማቸውን ሲያይ ደነገጠ፤ የባላቸውን የሂራምን አሟሟት በቨርጂኒያ ያልሰማ የለም። ሂራም ራሱ በሠራው ተወዛዋዥ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ የወንበሩ የኋላ እግር ተሰበረ፤ ሰውየው ወደ ኋላ ወድቆ ጭንቅላቱ ከምድጃው ድንጋይ ጋር ተላተመ። የወንበሩ እግር አስቀድሞ በመጋዝ ተገዝግዞ ነበር። ሸሪፉ አብሮት የሚሠራውን አናጢ ዶይልን አሰረ፤ ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

የማርቪን ሥራ የንድፍ ማመልከቻ መርምሮ የዓለም የንድፍ መዝገብ ወዳለበት ወደ ጄኔቫ መላክ ነው። ከዚያ ወዲያ ንድፉ የማን እንደሆነ በየአገሩ ይታወቃል።

«ንድፉን የሠራው በሚለው ቦታ የራስዎን ስም ጽፈዋል» አላቸው። «ወንበሩ ላይ እጅዎ አለበት?»

«እጄ አለበት።»

«አይቀየሙኝ፣ መጠየቅ ስላለብኝ ነው። ያ አረመኔ ዶይል ንድፉን ሊነጥቃችሁ ነበር አሉ።»

«ብዙ ይባላል፣ ልጄ።»

አንጀቱን በሉት። ጥቁር ጓንታቸውን እንኳ አላወለቁም።

«የወንበሩን እግር በሙጫ አጣብቄ ሳሎን አስቀመጥኩት» አሉ። «ከምሳ በኋላ ጋደም ስል ይወዛወዛል። ማንም የለበትም፤ ብቻውን ይወዛወዛል።»

ማርቪን ሊያጽናናቸው ፈለገ። «ነፋስ ይሆናል።»

«መስኮቱ ዝግ ነው። ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ።»

ፍርድ ነው የሚፈልገው፣ ሲል ማርቪን አሰበ። ዶይል ላይ ጥርሱን ነከሰ።

አምስተኛው ሥዕል ላይ፣ ከኋላ እግሩ ዘንድ፣ ቀጭን መስመር አየ።

«ይሄ የመጋዙ ቁርጥ አይደል? ሠዓሊዎ ያየውን ሁሉ ሥሎታል። ደንቡ እኮ የእርስዎ ሥራ በሙሉ መስመር፣ የእርስዎ ያልሆነው በተቆራረጠ መስመር ይሣል ነው የሚለው። ከዚያ በመሐላ ይፈርማሉ።»

«መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ?»

«ኧረ በብዕር ብቻ። መሐላነቱ ግን ያው ነው።»

ወይዘሮ ኦፓል አምስተኛውን ሥዕል ወደ ራሳቸው ስበው አዩት። ከዚያ ባዶ ወረቀትና ማስመሪያ ለመኑት፤ ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ተቀምጠው፣ ጓንታቸውን አውልቀው ሲሥሉ ቆዩ። ፈርመው ሰጡት።

«አትቸኩል፣ እዚሁ እጠብቃለሁ» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

ማርቪን ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጋ። ወንበሩ ከመደገፊያው እስከ መወዛወዣው በተቆራረጠ መስመር ተሥሏል፤ በሙሉ መስመር የተሣለው የመጋዙ ቁርጥ ብቻ ነበር።