የደረቀ ዓይን

የሉልሰገድ ዓይን ማንባት የጀመረው ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነው። ሥራው በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አቅራቢያ፣ እትዬ ፊርደውስ ወርቅ ቤት ውስጥ ነው፤ በቃል ኪዳን ቀለበት ላይ የሙሽሮችን ስም ይቀርጻል። አጉሊ መነጽሩን አድርጎ ባጎነበሰ ቁጥር እንባው ጠብ ይላል። ይጠርገዋል፤ ተመልሶ ይሞላል። ሐዘን የለበትም፣ የሚያመውም ነገር የለም። ዝም ብሎ ይወርዳል።

ቀለበት የሚወለውለው ደምመላሽ ነገሩ ተመችቶታል። «ሉሌ፣ ሰዎቹ ገና ሳይጋቡ ታለቅስላቸዋለህ? በዚህ አያያዝህ የውሃ ቆጣሪ ይተከልብሃል።»

ሉልሰገድ አይቀየምም። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ፋሲካን አዲግራት አጠገብ ካለው ታላቅ ወንድሙ ከካሕሳይ ጋር ሊያሳልፍ ቃል ገብቷል። እንደ አባት ሆኖ ያሳደገው ካሕሳይ ነው፤ ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ አልተያዩም። ካሕሳይ ልቡን ያመዋል። ከስንት ዓመት በኋላ ታናሽ ወንድሙ እንባው እየወረደ ደጃፉ ላይ ቢቆም ምን ይሆናል? አስቀድሞ በስልክ እንዳያስረዳው፣ የዚያ መንደር ኔትወርክ አንዴ ከጠፋ ቶሎ አይመለስም። ስለዚህ ሉልሰገድ ዓይኑ ሳይድን ላይሄድ ወሰነ።

እትዬ ፊርደውስ የሚያውቁትን የዓይን ክሊኒክ ጠቆሙት። ሐኪሙ በቀጭን ቱቦ ጨው ያለው ውሃ ወደ እንባ መውረጃው ገፋ፤ ሉልሰገድ ጨውነቱ ጉሮሮው ላይ ተሰማው። መውረጃው እንዳልተዘጋ ሐኪሙ ነገረው። ቀጥሎ የዓይኑን ቆብ ገልብጦ አየና ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀው።

«ስትቀርጽ ዓይንህን አታርገበግብም» አለው። «የቆቡ ቅባት መውጫም ተዘግቷል። ዓይንህ የሚያነባው ስለደረቀ ነው።»

ጠዋትና ማታ በሞቀ ጨርቅ እንዲይዘው፣ ቆቡን በስሱ እንዲያሽ፣ የሚያረጥብ ጠብታ እንዲጠቀም አዘዘለት። ሉልሰገድ ወደ ፒያሳ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ይህንኑ አሰበ። ለሚያነባ ዓይን ማርጠቢያ? ሐኪሙ ያልነገረው ነገር ያለ መሰለው። ከዚያ ደግሞ ራሱን ተጠራጠረ። ምናልባት በደንብ አላዳመጠ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ግን ጥርጣሬውን አጸናለት።

አንድ ጠዋት ሱቁ እንደተከፈተ አያ ሐዱሽ መጣ። ሥላሴ አካባቢ ሱቅ ያለው የአገሩ ሰው ነው። ከበሩ ላይ ቆሞ ሉልሰገድን አየው። ሉልሰገድ ቀና ሲል እንባው እስከ አገጩ ወርዶ ነበር። ሐዱሽ ገብቶ አቀፈው፤ ቶሎም አልለቀቀውም። «አይዞህ» አለው። «ያለ ነው።» ከዚያ እትዬ ፊርደውስን ወደ ውጭ ጠርቶ በሹክሹክታ አነጋገራቸው። ሉልሰገድ ብቅ ሲል ወሬ ቀየሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደምመላሽ መቀለድ አቆመ። ሱቁ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚጮኸውን ሬዲዮም ራሱ ዘጋው። እትዬ ፊርደውስ ጥቃቅን ጽሕፈት ያለባቸውን ቀለበቶች ለሌላ ሱቅ ይልኩ ጀመር። ጥቂት ቀን ቤት ቢቀመጥ እንደሚሻለው፣ ደመወዙም እንደማይቀር ነገሩት። ሉልሰገድ ሊያሰናብቱኝ ነው ብሎ እንቢ አለ። ክሊኒኩን የጠቆሙት እሳቸው መሆናቸው ትዝ አለው። ሐኪሙ ለሳቸው እውነቱን ነግሯቸዋል፤ እሳቸውም ለሐዱሽ። ዓይኑ ሊጠፋ ነው።

ይህን ሲያስብ የደነገጠ አልመሰለውም። ሥራውን ቀጠለ።

በዚያ ሰሞን አደይ ንግስቲ ቤቱ ድረስ መጡ። እሪ በከንቱ ሰፈር ሳሉ ከእሱ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነበሩ። ሰፈሩ ሲፈርስ ጎረቤቱ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ፤ እድሩም አብሮ ቀረ። ምግብ ተሸክመው ሁለት ታክሲ ቀያይረው መጥተው አጠገቡ ብዙ ተቀመጡ። ሉልሰገድ ዓይኑን ሲጠርግ እጁን ያዙት።

«አትያዘው ልጄ፣ ይውረድልህ» አሉ። «ሲታመቅ ነው የሚጎዳው።»

እሳቸውም ያውቃሉ ማለት ነው። ሊጠይቃቸው አፉን ከፈተ፤ መልሱን ፈርቶ ተወው። የሞቀውን ጨርቅ ግን አላቋረጠም። ጠዋት ይይዛል፣ ያሻል፣ ጠብታውን ያደርጋል። በየፊደሉ መሃል ዓይኑን ማርገብገብ ለመደ።

እናም እንባው ቀነሰ። አንድ ቀን ጨርሶ ቆመ። ሉልሰገድ አላመነም፤ ተመልሶ ክሊኒክ ሄደ። ሐኪሙ በማጉያው አይቶ ሳቀ። «ጤነኛ ነህ። ከመጀመሪያውም ለእይታህ የሚያሰጋ ነገር አልነበረም።» ሉልሰገድ ለሌላ ሰው የነገረው ነገር እንዳለ ጠየቀው። ሐኪሙ ስለ በሽተኛ ለማንም ተናግሮ እንደማያውቅ መለሰለት።

የሆሳዕና ሳምንት ትኬት ቆረጠ። አገር ቤት ሊሄድ መሆኑን የሰሙት አደይ ንግስቲና አያ ሐዱሽ ሊሸኙት ወርቅ ቤቱ መጡ። አደይ ንግስቲ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ጧፍ አመጡ፤ ለፋሲካ መሆኑ ነው ብሎ ተቀበላቸው። እትዬ ፊርደውስ ባንኮኒው ላይ ክርናቸውን አስደግፈው ትክ ብለው ያዩታል።

«እንባህ ቆመልህ» አሉት። «ተመስገን። ጠንካራ ልጅ ነህ።»

«ጠብታው ነው» አለ ሉልሰገድ። በፌስታል የያዘውን አዲስ ጋቢ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። «ካሕሳይ ብርድ አይችልም። ይሄን ለብሶ ፋሲካን አብረን እንውላለን።»

ደምመላሽ የሚወለውለውን ቀለበት አስቀመጠ። እትዬ ፊርደውስ ወደ አደይ ንግስቲ ዞሩ፤ አደይ ንግስቲ ወደ ሐዱሽ።

«እኔ ያን ጠዋት ስመጣ ሲያለቅስ ስላገኘሁት» አለ ሐዱሽ ቀስ ብሎ፣ «የካሕሳይን መርዶ ሰው ቀድሞ የነገረው መስሎኝ ነበር።»