የሽማግሌው መጫወቻ

ዮስቫኒ ሽማግሌ አይወድም ነበር፤ ኮምፒውተር የሚነካ ሽማግሌማ ጭራሽ ዓይኑን ማየት አይፈልግም።

ግን ምን ያድርግ! የመመረቂያ ጽሑፉን ነገ ጠዋት ፈታኞች ፊት ያቀርባል። የራሱ ኮምፒውተር ባለፈው ወር መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ተቃጥሎበታል። የሁለት ዓመት ድካሙ ያለው ኪሱ ውስጥ ባለች አንዲት ፍላሽ ላይ ብቻ ነው። ቅጂ አስቀምጥ ያሉትን ሁሉ «እኔ እንደናንተ ጀማሪ መሰልኳችሁ?» እያለ አፋቸውን አስይዟቸዋል። በፒናር ዴል ሪዮ ከተማ፣ እሱ ባለበት ሰፈር፣ ማተሚያ ያላቸው ደግሞ ኤቬሊዮ ብቻ ናቸው።

ኤቬሊዮ አርባ ዓመት ሙሉ በሲጋራ ፋብሪካ፣ እየሠሩ እንዲያዳምጡ፣ ሲጋራ ለሚጠቀልሉ ሠራተኞች ጋዜጣና ልብወለድ ጮክ ብለው ሲያነቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከሁለት ወር በፊት፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ «ሌላ ሲስተም መሞከር አማረኝ» ብለው ዮስቫኒን አስቸገሩት። እሱም ለመገላገል ያህል ኮምፒውተራቸው ውስጥ በፕሮግራም ብቻ የሚሠራ አንድ የውሸት ኮምፒውተር ፈጥሮ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጫነበት።

«እዚህ ውስጥ ይንቦጫረቁ» አላቸው። «የፈለጉትን ቢሰብሩ እውነተኛው ማሽን አይነካም።»

ዛሬ ሊያሳትም ቤታቸው ሲገባ ሊኑክሱ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ሽማግሌው ደብተር ላይ የገለበጡትን ትእዛዝ በአንድ ጣት ይለቅማሉ።

«አሁንም በዚህ እየተጫወቱ ነው አባባ? ደግሞ በደብተር!»

«ዱሮ ይንቀራፈፍብኝ ነበር፤ አሁን እንዴት እንደሚፈጥን ብታየው!»

ዮስቫኒ ሳቁ መጣ። የውሸት ማሽን ፈጠነ ይባላል? ካረጁ አይበጁ! ፍላሿን ሰካና እሳቸውን አስነስቶ ወንበራቸው ላይ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ መብራት ሳይሄድ መጀመሪያ ጽሑፍህን እናትመው።»

«ይደርሳል። እስቲ መጀመሪያ እውቀት ማለት ምን እንደሆነ ላሳይዎት። ይሄን ሁሉ ልፋትዎን በአንድ መስመር አመድ አደርገዋለሁ።»

ጻፈ። ትእዛዙ ማሽኑ የሚደርስበትን ሁሉ፣ የተሰካበትንም ጭምር፣ ጠራርጎ የሚያጠፋ ነው።

«የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ» አላቸው።

«አይጎዳም?»

«ኧረ በናትዎ! የውሸት ነው አላልኩም? ቢጠፋ ሌላ እፈጥርልዎታለሁ። ጀማሪ ካልደነገጠ አይማርም።»

ምሁሩ እሱ ነው። ኤቬሊዮ አምነውት ጻፉ።

ፊደላቱ ወደ ላይ ነጎዱ። የፍላሿ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል ቆየች። ዮስቫኒ እጁን አጣምሮ፣ ሽማግሌው ከንፈራቸውን ሲነክሱ እያየ፣ እስኪበቃው ሳቀ። ስክሪኑ ጠቆረ።

«በሉ አሁን የውሸቱን ይዝጉትና እውነተኛው ላይ እናትም።»

«የቱ እውነተኛ?» አሉ ኤቬሊዮ። «ይሄንን ከለመድኩት በኋላ የድሮውን ሲስተም አጥፍቼ በቦታው የጫንኩት እኮ ሳምንት አለፈው።»